ሕጉን እንወቅ
በመግሪብና በዒሻ መካከል ለጀመዓ የቀረበ ንግግር

  



ኢማማችን በሁለቱ ሰላቶች መካከል ያለውን ጊዜ ዛሬ ለእኛ ለመድረሳ መምህራን ሰጥተውናል፤ አላህ ይስጥልን። በዚህ ቦታ ስንቆም አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ጦሃራ፣ ስለ ሰላት፣ ስለ ወላጅ ሐቅ ነው። ዛሬ ግን ስለ አገራችን ሕገ መንግሥት ልንናገር ነው የመጣነው። «ይህ መስጂድ ውስጥ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ጥቂት ታገሱን፤ ወደ ጥያቄያችሁ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን ርዕሱን ለምን እንደመረጥን እንንገራችሁ። ምክንያቱ የራሳችን ሐፍረት ነው።

ባለፈው ዓመት የአንድ ደረሳችን ታላቅ ወንድም ከጁምዓ ሰላት ሲመለስ ተያዘ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሥራውና ከሰላቱ ውጭ ብዙም ነገር የማያውቅ ልጅ። እናቱ በዚያው ቀን ማምሻውን ወደ እኛ መጡ። «ልጆቼን ያስተማራችሁ እናንተ ናችሁ፤ ምን ላድርግ?» አሉን። ሦስት ኡስታዞች ነበርን። «ሰብር ያድርጉ፣ ዱዓ እናድርግ» አልናቸው፤ ዱዓም አደረግን። በማግስቱ ምግብ ቋጥረው ሲሄዱ አብረናቸው ሄድን። በሩ ላይ የነበረው ፖሊስ «ቤተሰቡ ናችሁ?» አለን። «አስተማሪዎቹ ነን» አልን። «ቤተሰብ ያልሆነ ከዚህ ይሂድ» አለ። ሄድን። ምግቡ ገባ፤ ልጁን ግን እናቱም አላዩትም። እሁድ አለፈ፣ ሰኞ አለፈ፣ ማክሰኞም መሸ።

ማክሰኞ ማታ አንድ ጎረቤታቸው ሊጠይቃቸው መጣ። ክርስቲያን ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ያስተምራል። ቡናው እስኪቀርብ እንኳ አልጠበቀም። «ፍርድ ቤት ቀረበ ወይ?» አለ። አናውቅም። «በስንት ሰዓት ነው የተያዘው?» አለ። ከጁምዓ በኋላ ከማለት በቀር እሱንም በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። «በምን እንደተጠረጠረ ተነግሮታል? ለማንስ አቤት አላችሁ?» አለ። ጥያቄ በመጣ ቁጥር እርስ በርሳችን እንተያይ ነበር። በመጨረሻ ቤቱ ሄዶ ሕገ መንግሥቱን አመጣና አንቀጽ 19ን አነበበልን።

ከመካከላችን አንዱ «ይህ መጽሐፍ እኮ መድረሳችን ቁም ሣጥን ውስጥ አለ» አለ። እውነቱን ነው፤ ነበረ። አንድ ስብሰባ ላይ ተሰጥቶን ከጠመኔው ካርቶን ስር አስቀምጠነው ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ገልጠነው አናውቅም።

ረቡዕ ጠዋት እናትየዋ ወደዚያው በር ተመለሱ። ድምፃቸውን አላነሱም፣ አልተሳደቡም። «ልጄ ከተያዘ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ሕጉ 48 ሰዓት ነው የሚለው፤ ዳኛ ፊት የሚቀርበው መቼ ነው?» አሉ። ፖሊሱ መልስ ስላልነበረው ገብቶ ሌላ ሰው ጠራ። በማግስቱ ልጁ ፍርድ ቤት ቀረበ። ታሪኩን አናሳምረውም፤ ዳኛው ለፖሊስ ተጨማሪ 14 ቀን ፈቀዱ፣ ልጁም በዋስ የወጣው ከወር በላይ ቆይቶ ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት የቀረበ ቀን እናቱ በዓይናቸው አዩት። እሱም መመታቱን ለዳኛው ተናግሮ በመዝገብ አስጻፈ። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ እዚያ በር ላይ ስንመላለስ ያላገኘነውን ነገር ማንበብ የማይችሉ እናት በአንድ ጥያቄ አገኙት። ጥያቄውን የነገራቸው ደግሞ ከእኛ አንዱ አልነበረም። አላህ ያንን ጎረቤት ይጠብቅልን።

እንግዲህ ራሳችንን ጠየቅን። ውሃ ስንት ዓይነት እንደሆነ፣ ዉዱእን የሚያበላሹ ነገሮች ምን ምን እንደሆኑ ደረሶቻችን በእንቅልፍ ልባቸው ይነግሯችኋል። ይህን በማስተማራችን አንጸጸትም፤ ሰላት ያለ ጦሃራ የለም። ነገር ግን ከመስጂድ ሲወጣ የሚያዘውን ወጣት ምን እንዲል አስተምረነዋል? ምንም። ሲይዙት ወይ ይሮጣል፣ ወይ ይጨቃጨቃል፣ ወይ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል። ሦስቱም ይጎዱታል።

ስለዚህ ቢያንስ ይህን ያህል ሁላችንም ቤታችን ይዘን እንሂድ። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያውኑ፣ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ላለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረው ነገር በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ተገድዶ የሰጠው ቃል ተቀባይነት የለውም። ይህ ሁሉ አንቀጽ 19 ላይ ነው። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚቆጠርና ጠበቃ እንደሚገባው ይናገራል። በአንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ስር ያለ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አማካሪዎቹ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት መብት አለው። «የሃይማኖት አማካሪ» የሚለውን ልብ በሉ። እኛ «አስተማሪዎቹ ነን» ብለን የተመለስንበት በር በሕጉ መሠረት ለእኛም ክፍት ነበር። አላወቅንምና ተመለስን።

አሁን ወደ ሁለቱ ዋና አንቀጾች እንምጣ፤ የእኛ የሰላማዊ ትግል ጥያቄ በሙሉ ያረፈባቸው እነሱ ናቸው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ፣ ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ በይፋም ሆነ በግል የማምለክና የማስተማር መብት እንዳለው ይናገራል። አማኞች የሃይማኖት ትምህርትና የአስተዳደር ተቋም የማቋቋም መብት አላቸው። ወላጆች ልጆቻቸውን በሃይማኖታቸው መሠረት ያሳድጋሉ።

ይህን ካነበብን በኋላ የራሳችንን ታሪክ እናስታውስ። ጥር 2004 አወሊያ ላይ ጥያቄው ሲነሳ ምን ነበር የተባለው? የአወሊያ ተቋም ከመጅሊሱ እጅ ወጥቶ በሕዝብ በተመረጠ ቦርድ ይተዳደር፤ የአህባሽ አስተሳሰብ በመንግሥት ድጋፍ በግድ አይጫንብን፤ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዶች በነፃነት ይካሄድ። ሦስቱም ከአንቀጽ 11ና 27 ያለፈ አንዲት ቃል የላቸውም። ሕዝቡ ፊርማ አሰባስቦ የወከላቸው 17ቱ የኮሚቴ አባላትም ይህንኑ ይዘው ነው በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የጠኑት። ጉዳያቸውም በፍርድ ቤት ታይቶ ነበር። 

በመስከረም 2005 የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሲካሄድ ከሴት ደረሶቻችን አንዷ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ እንዲህ ብላ ጠየቀችን፦ «ኡስታዝ፣ ቀበሌው መታወቂያ የምናወጣበት ቤት አይደለም እንዴ? መስጂዱ እያለ መጅሊሱ ለምን እዚያ ተመረጠ?» እኛ ብዙ ቃላት አባክነን ለማስረዳት የምንደክመውን ነገር ልጅቷ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። መታወቂያ ቀበሌ፣ ሃይማኖት መስጂድ። አንቀጽ 11 ለልጅ ሲነገር ይኸው ነው።

ነገር ግን ሕጉን ስናነብ የሚመቸንን ብቻ መርጠን አናንብብ። አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 አለው። ሃይማኖትን የመግለጽ መብት የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ሥነ ምግባርና የሌሎችን ሰዎች መብት ለመጠበቅ፣ መንግሥትም ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ በሕግ ሊገደብ ይችላል። በሕግ፣ እንጂ በአንድ ሹም ቃል አይደለም፤ ያም ቢሆን ገደብ አለ። ጁምዓ ቀን መኪናችንን የሰው በር ላይ አቁመን ስንገባ፣ በሽተኛ ይዞ የሚወጣው ጎረቤት መብት የት ሄደ? ይህንን የምንለው ጥፋታችን ከደረሰብን በደል ጋር ስለሚመዛዘን አይደለም፤ አይመዛዘንም። መብቱን ሲጠይቅ የሌላውን የሚረግጥ ሰው ግን የሚሰማው አያገኝም።

ስለ አህባሽም ቢሆን በግልጽ እንነጋገር። ያንን አስተሳሰብ የሚከተል ሰው ይከተል፤ ያስተምር፤ መብቱ ነው። በአንቀጽ 27 እሱም እንደ እኛ ተጠብቋል። ጠባችን ከሰውየው ጋር አይደለም። መንግሥት አንዱን አስተሳሰብ ይዞ «ይህንን ተቀበሉ» ሲል ነው ነገሩ የተበላሸው። ነገ መንግሥት የእኛን አስተሳሰብ ይዞ በሌላው ላይ ሊጭን ቢመጣ ያን ቀንም እምቢ ማለት አለብን። ይህ ለአንዳንዶቻችሁ ይከብዳችኋል፤ ለእኛም ከብዶን ነበር። በኋላ ግን ስናስበው ሌላ መንገድ አጣንለት።

ጎረቤታችን ጴንጤ በቤቱ ሲዘምር፣ ሙስሊም በሚበዛበት ወረዳ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን መሥሪያ ቦታ ሲጠይቁ የምንለው ነገር ክርስቲያን በሚበዛበት ከተማ መስጂድ መሥሪያ ስንጠይቅ ሊባልልን የምንፈልገው መሆን አለበት።

አሁን ወደዚያ ጥያቄ እንመለስ፤ ይህ መስጂድ ውስጥ ምን ያደርጋል? የመጀመሪያው ሂጅራ ወደየት እንደነበረ ታውቃላችሁ። ሶሐቦች ወደዚህች አገር ሲመጡ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን የቆዳ ስጦታ አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ በቅድሚያ ለንጉሡ ሰዎች ስጦታ አደሉ፤ ዓላማቸው ነጃሺ ስደተኞቹን ሳይሰማ አሳልፎ እንዲሰጥ ነበር። ነጃሺ እምቢ አለ። «ሳልሰማቸው አልሰጥም» የሚል ፍርድ በዚህ ምድር የተሰጠው ያኔ ነው፤ የሰጠው ደግሞ በወቅቱ ክርስቲያን የነበረ ንጉሥ ነው። ከዚያ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ቆመ። አልጮኸም፣ አልተለማመጠም። ምን እንደነበሩ፣ ምን እንዳመኑ፣ ማን እንደበደላቸው፣ ለምን ይህችን አገር እንደመረጡ በቅደም ተከተል ተናገረ። በማግስቱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባዱ ክስ ሲመጣ ሶሐቦች ምን እንበል ብለው ተማከሩ፤ የሚያስከትለውን ሳይፈሩ እውነቱን ለመናገር ተስማሙ። እንግዲህ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ማዘጋጀት፣ መማከር፣ በሥርዓት መናገር ከሲራችን የወጣ አይደለም። እዚህ መስጂድ ውስጥ ቦታ ከሌለው የት ሊኖረው ነው?

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በሥራ ላይ የነበረው የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ያውጅ ነበር። እኛ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበርን፤ እንግዳ እንደማለት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ የወጣው ሰልፍ 13 ጥያቄዎች ይዞ ነበር። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን ይታወቁ፣ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል የሚሉት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በሰልፉ ላይ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረው ተሰልፈዋል። ዛሬ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ ሲደርስ መሥሪያ ቤት የሚዘጋው ያኔ ጥያቄውን ጽፈው የያዙ ሰዎች ስለነበሩ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁ አባቶች ምናልባት በዚያ ቀን የነበራችሁ ትኖራላችሁ። ለልጆቻችን ብትነግሩልን ደስ ይለናል፤ መድረሳችን በሩ ክፍት ነው።

ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ከወጣቶች የሚመጣ። «ኡስታዝ፣ እነሱ ራሳቸው የማያከብሩትን ሕግ መማር ምን ይጠቅመናል?» ይሉናል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ያለውን ምሬት እናውቀዋለን፤ ጓደኞቹ የታሰሩበት ወጣት ሌላ ምን ይበል? ሁልጊዜ የሚያረካ መልስም የለንም። የምናውቀውን ያህል ግን እንበል። በዳይ ሁሉ «ሕግ አስከበርኩ» ነው የሚለው። ሐሰቱን ለማሳየት ሕጉን አንቀጽ ጠርቶ መያዝ ያስፈልጋል። ሕጉን የማያውቅ ተበዳይ «በደሉኝ» ይላል፤ ያወቀ ግን «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እነ እገሌ ባሉበት፣ ይህ አንቀጽ ተጣሰ» ይላል። የመጀመሪያው ለቅሶ ነው፤ ሁለተኛው ማስረጃ ነው። ማስረጃ ዛሬ የሚሰማው ባያገኝ ይቀመጣል።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ጻፉ። ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። እዚህ ላይ ራሳችንን እንውቀስ፤ አንድ ሰው ሲያዝ አሥር ተያዙ፣ አንዱ ሲቆስል ሞተ ብለን እናወራለን። አንዱ ውሸት ሲጋለጥ ዘጠኙን እውነት ይዞት ይሄዳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት እንኳ በጠላቶቻቸው ዘንድ «አልአሚን» ነበሩ።

ድንጋይ ለማንሳት የሚያስብም ካለ፣ አንቀጽ 30 የሚጠብቀው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የሚሰበሰበውንና አቤቱታ የሚያቀርበውን እንጂ እሱን አይደለም። በነገራችን ላይ በ1983 የወጣው የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3 ሰልፍ ከመደረጉ 48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው የሚጠይቀው። ማሳወቅ ከማስፈቀድ ይለያል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው «ፈቃድ አላችሁ?» ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

አንድ ነገር ሳንል ብንወርድ ኃላፊነታችንን አልተወጣንም። ከመጅሊሱ ነፃ ምርጫ እንጠይቃለን። የራሳችን የመስጂድ ኮሚቴ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው መቼ ነው? ሰደቃው ስንት ገባ፣ ለምን ወጣ ተብሎ ሒሳብ በጀመዓው ፊት የተነበበው መቼ ነው? ከፊት የተቀመጡት አባቶች እንዳይቀየሙን፤ ታማኝነታቸውን አንጠራጠርም። ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ሲል እኛ «እሰይ» እንላለን፤ ለአላህ ቤት ገንዘብ ከዚያ ያነሰ ግልጽነት እንዴት ይበቃናል? ምርጫን ከቤታችን ያልለመድን ሰዎች ነገ ነፃ የመጅሊስ ምርጫ ቢሰጠን ምን እናደርገዋለን?

እናቶችና እህቶችም መጋረጃው ወዲያ ሆናችሁ ትሰሙናላችሁና ለእናንተም አንድ ነገር አለን። የትዳርና የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ይፈቅዳል፤ ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ። ሁለቱም። የእናንተ ፈቃድ ካልተጠየቀ፣ ወይም ባላችሁ «ፈርሚ» ብሎ ወረቀት ብቻ ካቀረበላችሁ ሕጉ አልተፈጸመም። በሸሪዓችን ሐቃችሁ የተጠበቀ ነው፤ ፈርታችሁ ሳይሆን አውቃችሁና አምናችሁ ስትመጡ ነው የፍርድ ቤቱም ክብር።

ሰዓቱ ደርሷል፤ ሙአዚናችን እያዩን ነው። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከዐስር ሰላት በኋላ መድረሳው ውስጥ ሕገ መንግሥቱን በአማርኛ ማንበብ እንጀምራለን። የመጀመሪያው ሳምንት ከአንቀጽ 9 እስከ 13፣ ሁለተኛው ከ14 እስከ 21፣ ሦስተኛው አንቀጽ 27ን ለብቻው። ያ ጎረቤት አስተማሪ ሁለተኛውን ሳምንት ሊያስተምረን ፈቅዷል፤ እንግዳችን ነውና በክብር እንቀበለው። ማንበብ የማትችሉ እናቶችና አባቶች እንዳትቀሩ፤ ልጆቹ ያነቡላችኋል። መጽሐፉ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከጠመኔው ስር ያወጣነው አንድ ብቻ ስለሆነ ፎቶ ኮፒ ማድረግ የሚችል ወንድም ከሰላት በኋላ ያነጋግረን። የልብስ ሰፊው እናትም እመጣለሁ ብለዋል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።